«ወረቀት የለም» እና «አልተበደርኩም»

ጥያቄ

ጋሼ፣ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ የጥብቅና ቢሮ የምሠራ ጀማሪ ጠበቃ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ነጋዴ ደንበኛ አለን። ጎረቤቱ የሆኑ እናት ዕቁብ ሲደርሳቸው 180 ሺህ ብር በፌስታል ጠቅልለው አበድረውታል። ወረቀት የላቸውም። ዓመት ሲሞላ ከነወለዱ 250 ሺህ ይክፈለኝ ብለው ከሰሱት። ሰውየው ቢሮ መጥቶ በሩን ዘጋና «ወስጃለሁ። ግን ምን ማስረጃ አላት?» አለን። አለቃዬ መልሱን አንቺ ጻፊው ብሎኛል። «አልተበደርኩም፤ ከሳሽን ከሰላምታ በቀር አላውቃቸውም» ብለሽ ጻፊ፣ የሚመሰክር አንድ ጎረቤትም ፈልጊ ነው ያለኝ። ስቃወም «ሕግ ሌላ፣ ሞራል ሌላ» ብሎ ዘጋኝ። ሴትየዋን ሬጅስትራር በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መዝገባቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው አየኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሄጄ «ሰውየው አምኗል» ብዬ ልንገራቸው? ጉዳዩን በነጻ ልያዝላቸው? ወይስ ሥራውን ልተው? እናቴ ድሮም «የሌባ ጠበቃ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ህሊናዬን ልስማ ወይስ ሙያዬን?

እንቅልፍ ያጣሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ

እንቅልፍ ላጣሽው ልጄ፣

መጀመሪያ ልቆጣሽ ነው። የላክሽልኝ ደብዳቤ ከላይ ከታተመው ሦስት እጥፍ ይረዝማል። የሰፈሩ ስም አለበት። ሰውየው የሚሸጠው ዕቃ አለበት። የቀጠሮው ቀን እንኳ አልቀረም። ሐዋሳ አድጋለች እንላለን እንጂ፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ የዓሳ ሾርባ የሚጠብቅ ሰው ሾርባው ሳይደርስለት የፒያሳውን ሰው ጉዳይ ሰምቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ሰፈሩንና ዕቃውን አውጥቻለሁ፤ የብሩንም መጠን ለውጫለሁ። ምክር መጠየቅሽ ደግ አድርገሻል። ግን ለሚያማክርሽ ሰው፣ ለእኔም ቢሆን፣ ደንበኛው ማን እንደሆነ የሚያሳብቅ ነገር አትስጪ። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የእናትሽን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ያ ቀልድ እኔንም ከዚህ ሙያ ከገባሁ ጀምሮ ይከተለኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹህ ይቆጠራል ይላል፤ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብትም ይሰጠዋል። እናትሽ አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር በአጥር የተካሰሱ ዕለት ቀልዱን ይተዉታል።

አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለዕዳ ወክለሽ መቆምሽ አይደለም። ባለዕዳም ጠበቃ ያስፈልገዋል። አለቃሽ የሰጠሽን ትእዛዝ ደግመሽ አንብቢው። አንድ ትእዛዝ ይመስላል፤ እኔ ግን ሁለት ነገር ተጠቅልሎበት አየሁ። «ወረቀት የላቸውም» የሚል አለበት። «አልተበደርኩም» የሚልም አለበት። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑንም አንቺ ከሰውየው አፍ ሰምተሻል። «ከሰላምታ በቀር አላውቃቸውም» የምትለዋ ደግሞ ጌጥ ናት። ውሸት ብቻውን ሲሄድ ስለሚያፍር አጃቢ ይፈልጋል።

ስለ መጀመሪያው ትንሽ ልቆይ፤ ወጣት ጠበቆች እዚህ ላይ ያለ ጥፋታቸው ራሳቸውን ሲገርፉ አያለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 500 ብር የሀብታም ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ እንደ አጭበርባሪ መሸሸጊያ ያየዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ያላየውን አየሁ የሚል ምስክር በየዘመኑ ነበረ፣ አሁንም አለ። አንዱ ተነሥቶ «አበድሬዋለሁ» ብሎ፣ ሁለት ሰው አቁሞ የሌላውን ቤት እንዳያሸጥ ነው ሕጉ ወረቀት የጠየቀው። ደንበኛሽ «አልወሰድኩም» ቢልሽና ሌላ የምታውቂው ነገር ባይኖር፣ ይህን አንቀጽ ሳትጠቅሺ ብትቀሪ ጥፋቱ ያንቺ በሆነ ነበር።

ጣጣው ያለው «የእምነት ቃል» የምትለዋ ሐረግ ላይ ነው። ወረቀት ከጠፋ ሕጉ የሚሄደው ወደ ሰውየው አፍ ነው። ዳኛው በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀና ብለው «ተበድረሃል ወይስ አልተበደርክም?» ሊሉት ይችላሉ። በመልስሽ ላይም ነገሩን አድበስብሰሽ ልታልፊው አትችይም፤ ለይተሽ ያልካድሽው ፍሬ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። አለቃሽ ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ካጂ» ያለሽም ለዚህ ነው። «ወረቀት የላቸውም» የሚለው እውነት ብቻውን የት እንደሚያደርስ ስላወቀ ዓይንን በጨው መታጠቡ አስፈለገው።

«ሕግ ሌላ፣ ሞራል ሌላ» የምትለውን አባባል እኔም ስንቴ ሰምቻታለሁ። የምትሠራበት ቦታ አለ። ለምሳሌ ባሏን የምትፈታ ሴት ወክለሽ፣ አንቺ በግልሽ ፍቺ የማትወጂ ብትሆኚ፣ እምነትሽን ቤትሽ ትተሽ ትሠሪያለሽ። እዚህ ግን አትሠራም። ሐሰት መሆኑን እያወቁ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ከጠበቃ ሥነ ምግባር ጋር አይሄድም። ተከራካሪው ራሱ እያወቀ ሐሰተኛ ቃል ቢሰጥ በወንጀል ይጠየቃል። ምስክር አዘጋጅቶ ማስዋሸትማ የባሰ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ህሊናሽና ሙያሽ አልተጣሉም። የተጣላሽው ከአለቃሽ ጋር ነው።

ይህን የምልሽ ንጹህ ሆኜ አይደለም። ይቺ ከተማ በሁሉም አፍ «አዋሳ» በምትባልበት ጊዜ፣ እኔም እንዳንቺ ጀማሪ ሳለሁ፣ የአጥር ክርክር ያዝኩ። ከችሎት በፊት ምስክራችንን ሽማግሌ ሻይ ቤት ወሰድኳቸው። ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዝኩላቸው። ከዚያ «ዋናው ነገር» እያልኩ የድንበሩ ድንጋይ ከባሕር ዛፉ በየት በኩል እንደነበረ ነገርኳቸው። ነገርኳቸው፣ ደገምኩላቸው። ሽማግሌው ቦምቦሊኖውን ለሁለት ገመሱና ግማሹን በወረቀት ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ከተቱ። ለልጅ ልጃቸው መሰለኝ። ከዚያ ቀና አሉና «ልጄ፣ ያየሁትን ነው የምናገረው ወይስ የነገርከኝን?» አሉኝ። አልቀለዱም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እኔም «ያው ነው አባቴ» አልኳቸው።

ያው አልነበረም። ረታን። የተረታው ሰውዬ እስከ ዛሬ ገብርኤል ደጅ ሲያየኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል። ምን እንዳደረግኩ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምስክር ሳነጋግር መጀመሪያ «ምን አዩ?» እላለሁ፤ የእኛን ወገን ታሪክ አስቀድሜ አልነግርም። ያን ግማሽ ቦምቦሊኖ ግን አልረሳሁትም። አንቺ ዛሬ ያለሽበት ቦታ እኔ «ያው ነው» ያልኩበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። ሄጄ ልንገራቸው ወይ ብለሻል። አይሆንም።

እንደሚከፋሽ አውቃለሁ። መልካም ሥራ የሚመስለው እሱ ነውና። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል፤ ከሃይማኖት አባትና ከሐኪም ጋር ጠበቃንም ቆጥሮ። ሕጉን ለጊዜው ተዪውና ያን የተዘጋ በር አስቢው። ሰውየው «ወስጃለሁ» ያለው በሩ ስለተዘጋ ነው። በሩ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ኖሮ ለአንቺም ይዋሽ ነበር። አንቺም ሳታውቂ፣ እንቅልፍሽን ተኝተሽ፣ ክህደቱን ትጽፊለት ነበር። ለእኒያ እናት ከዚህ የባሰ አይመጣም። አሁን ግን በዚህ ጉዳይ እውነቱን አውቆ ሰውየውን ፊት ለፊት ማናገር የሚችል ሰው አለ። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ሄደሽ ብትነግሪያቸው ይህን አቅም በአንድ ደቂቃ ታቃጥይዋለሽ። ሰውየው «ጠበቃዬ ዋሸችብኝ» ይላል፣ ፈቃድሽ ጣጣ ውስጥ ይገባል፣ እሳቸውም ወረቀት እንደሌላቸው ይቀራሉ።

ስለዚህ ሰውየውን ጥሪው። ለብቻው፣ ቢሮ ውስጥ፣ በሩን ዘግተሽ። ስብከት አያስፈልግም። ነጋዴ ስለሆነ ሒሳብ አሳዪው።

ከሳሽ የጠየቁት 250 ሺህ ነው። ከዚህ ውስጥ 70 ሺው ወለድ ነው። ሕጉ ለብድር ወለድ ጣሪያ አለው። በጽሑፍ የተዋዋሉም እንኳ በዓመት ከ12 በመቶ አይዘሉም። በጽሑፍ ካልተስማሙ 9 በመቶ ነው። የ180 ሺህ ብር 9 በመቶ 16,200 ብር ነው። ስለዚህ ሰውየው እውነቱን ተናግሮ፣ አንቺ ወለዱን ብትከራከሪለት፣ 250 ሺህ ሳይሆን 196,200 ብር ነው የሚጠብቀው። 53,800 ብር አትርፈሽለታል፤ ያውም አንዲት የሐሰት ቃል ሳይወጣሽ። በዚያ ላይ በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል መደራደር ትችያለሽ። ይህ ነው ጥብቅና። ትምህርት ቤት ውስጥ «ለደንበኛህ ታገል» ያሉን ይህን ነበር፤ መሃል መንገድ ላይ ነው ትግልና ክህደት የተምታቱብን።

ከዚያ ሌላውንም ጎን አሳዪው። ችሎት ሲጠየቅ እጁን አንሥቶ ሊምል ነው። ማተብ አለው? ልጆቹ ከሴትየዋ የልጅ ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ? ዕድራቸው አንድ ነው? ነገ እናቱ ቢሞቱበት ድንኳን ተካዮቹ እነማን ናቸው? ሰውየው ይህን ሁሉ አስቦ ይሆናል፤ ግን ከጠበቃው አፍ ሲሰማው ሌላ ነው። እኔ ከስንት ደንበኛ ጋር ሞክሬዋለሁ። ሁሉም አልሰሙኝም። የሰሙኝ ግን አሉ። አብዛኞቹ ለመካድ የመጡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ገንዘቡን አጥፍተውት አፍረው ነው። «ከፋፍለህ መክፈል ትችላለህ» ስትያቸው ትከሻቸው ወረድ ሲል ታይዋለሽ።

ዕርቅ ከመረጠ መንገዱ ብዙ ነው። የዕድሩ ሽማግሌዎች አሉ። ወገኖቹ ሲዳማ ከሆኑ ደግሞ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ አለ። ሲዳማዎች እውነትን «ሃላሌ» ይሉታል፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ የሚፈልጉት እሱን ነው። ፍርድ ቤት ፊት ሳያፍር የካደ ሰው እዚያ ሲቀመጥ ምላሱ ሲተሳሰር አይቻለሁ። የተስማሙበትን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለችሎቱ ብታቀርቡ ፍርድ ቤቱ አይቶ ያጸድቀዋል፤ መዝገቡም ይዘጋል።

«አይ፣ እክዳለሁ» ካለስ? እንግዲያው አንቺ አትጽፊውም። በትህትና «ይህን መልስ እኔ ልፈርምበት አልችልም፤ ሌላ ጠበቃ ያቁሙ» ትይዋለሽ። ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ እንዲኖረው ቶሎ ንገሪው፤ የመልስ ማስገቢያው ዋዜማ ላይ ጥለሽው አትውጪ። ለምን እንደወጣሽ ለችሎቱም፣ ለሴትየዋም፣ ለጓደኞችሽም አትናገሪ። ምስጢሩ ደንበኛው ከሄደም በኋላ ምስጢር ነው። ይህ ሁሉ ሆኖም ሌላ ጠበቃ ይዞ፣ ለእሱም ዋሽቶ፣ ሊረታ ይችላል። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። አንዳንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ያልቃል፤ እኔም መድኃኒት የለኝም።

የአለቃሽ ነገር ይቀራል። አንቺን ይበልጥ የሚያስፈራሽ ይሄኛው ይመስለኛል፤ ደብዳቤሽ ላይ ስለ ቤት ኪራይ ሁለት ቦታ ጽፈሻል። ጠዋት፣ ባለጉዳይ ሳይገባ፣ ብቻውን ስታገኚው አናግሪው። ሰው ባለበት አትሞክሪው፤ አዋራጅ ይሆንበትና እልህ ይይዘዋል። «ሞራሌ አይፈቅድም» አትበይው። ያን ቃል ሰምቶ ጠግቦታል። «ጋሼ፣ ሰውየው በእኛ ፊት አምኗል። ችሎት ቢጠየቅ ምን ሊል ነው? መልሱ ላይ ፊርማው የእኔ ነው። ወለዱን ይዘን ብንከራከር ይሻላል፤ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ» ብለሽ ወረቀቱን አስቀምጪለት። ብዙ አለቃ የሚሸነፈው ለሠራሽው ሥራ ነው። ምስክሩን ግን ቁርጥ አድርገሽ እንቢ በዪ። እዚያ ላይ ድርድር የለም።

እሺ ላይልሽ ይችላል። መዝገቡን ከእጅሽ ወስዶ ራሱ ሊጽፈው ይችላል። ሊያኮርፍሽ፣ ደንበኛ ሊያሳጣሽ፣ ጭራሽ ሊያሰናብትሽም ይችላል። ዋጋ አያስከፍልሽም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ ጽሑፉም ስለ ውሸት ነው። ግን አንድ እንቢታ ሥራውን መተው ማለት አይደለም። «ሥራውን ልተው?» ላልሽው፣ በአንድ መዝገብ አትተዪ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ሁለተኛና ሦስተኛ ከመጣ ያኔ ሌላ ቢሮ ማፈላለግ ጀምሪ። ሐዋሳ ውስጥ ሳይዋሽ የሚበላ ጠበቃ የለም የሚልሽን አትመኚው። አለ። ዳኞችም ያውቁታል። ስሙ ሲጠራ መዝገቡን የሚያገላብጡበት አኳኋን ራሱ ይለያል።

ጉዳያቸውን በነጻ ልያዝላቸው ወይ ላልሽው፣ እሱም አይሆንም። የሰውየውን ምስጢር ሰምተሽ ወደ ማዶ መሻገር የጥቅም ግጭት ነው። ከዚህ ጉዳይ ብትወጪም እንኳ አይሆንም። ለሌሎች ግን መሆን ትችያለሽ። የፌዴራል ጠበቆች ሕግ ጠበቃ ከሥራ ሰዓቱ ቆርሶ በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። ፈቃድሽ የክልል ከሆነ የክልሉን ሕግ አውጥተሽ እይ፤ ለመልካም ሥራ ግን ማንም አይከለክልሽም። እኔ ብሆን ከሰዓቱ ጥቂቷን ዕድር ቤት አሳልፋት ነበር፤ የእኒያን እናት ዕድር ሳይሆን የሌላ ሰፈር። እሑድ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ ሰው ጫማውን ሳያነሣ፣ አምስት ደቂቃ ለምኚ። ለጎረቤት ስታበድሩ ወረቀት ጻፉ በያቸው። ቀን፣ የብሩ ልክ፣ የተበዳሪ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ከደብተር የተቀደደ ገጽም ይሁን።

የሚመልሱልሽን ከአሁኑ ልንገርሽ። «ጎረቤትን ወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም?» ይሉሻል። አንዷ እናት ይህን ሳይሉ አይቀሩም። ያኔ ሬጅስትራር በር ላይ ስላየሻቸው ሴትዮ ማውራት ያምርሻል። አታውሪ። ይልቅ እስክሪብቶ አውጪና እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ የብድር ወረቀት ጽፈሽ አሳዪያቸው። ስሞቹን ፈጥረሽ አስገቢ፤ ብሩን የዕቁባቸውን ያህል አድርጊው።

የመልስ ማስገቢያ ቀንሽ ቅርብ ነው፤ ደብዳቤሽ ላይ አይቼዋለሁ። አለቃሽን ነገ ጠዋት፣ ሰውየውን ከነገ ወዲያ። ሒሳቡን ዛሬ ማታ ሥሪው፤ እንቅልፍ እንደሆነ እንቢ ብሎሻል።